ለጋሽ ጎሹ እጅ የሚሆን ሽመል

ውድነህ ጎሹ የአባቱን የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ የሰበረው በሥራ ሰዓት፣ በመንግሥት ደመወዝ፣ ስልሳ ሁለት ተማሪ ቁጭ ብሎ እያየው ነው። እሱ ራሱ እንዲህ እያለ ነው የሚያወራው፤ ሰው ሳይቀድመው በራሱ ላይ መሳቅ የቆየ ልማዱ ነው። አሶሳ ከተማ የፊዚክስ መምህር ነው። የዕለቱ ትምህርት ስለ መለጠጥና ስለ መጉበጥ ነበር። ቤተ ሙከራው ውስጥ ያለው አንድ የዛገ ስፕሪንግ ብቻ ስለሆነ ብልሃት መጣለት። የአባቱን ዘንግ ለምኖ አመጣና ከሰሌዳው በላይ አስሮ ውሃ የሞላ ጀሪካን አንጠለጠለበት። ዘንጉ ደስ በሚል አኳኋን ጎበጠ። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። "ጨምር ቲቸር!" አለ አንዱ ከኋላ። ቲቸርም ጭብጨባ ሲሰማ ማሰብ የሚያቆም ሰው ነውና ሁለተኛ ጀሪካን ጨመረ። ቀው! ውድነህ ከውሃው መሐል ቆሞ "ይህ እንግዲህ የመሰበር ነጥብ ይባላል" ብሎ ሰሌዳው ላይ ጻፈ። ድምፁ የመምህር ነበር፤ ሆዱ ግን የሰው ዕቃ የሰበረ ልጅ ሆድ ነበር።

ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የሰፈራ መንደር፣ በአምባ ዐሥራ አራት፣ ከአባቱ ጋር በአንድ ግቢ ነው የሚኖረው። ጋሽ ጎሹ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተጭነው ሲመጡ ዓሣ ማጥመድ ቀርቶ ዓሣ መብላትም የሚቀፋቸው ደገኛ ነበሩ። ከጅረቱ ማዶ ባለው መንደር የሚኖሩት የበርታ ተወላጁ ሙርሳል ናቸው ወደ ዳቡስ ወንዝ ወስደው መንጠቆ ያስያዟቸው። ከዚያ ወዲህ የእርሻ ሥራ ላላ ባለ ቁጥር ሁለቱ ሽማግሌዎች ወንዝ ናቸው። የውድነህ እናት ካረፉ ጀምሮ ደግሞ አባቱን ከቤት የሚያወጣቸው፣ የሚያስቃቸው፣ ማታም አፋቸውን ሞልተው የሚያስወራቸው ይኸው ወንዝ ብቻ ነው።

ውድነህ ሁለቱን ስባሪ በፌስታል ጠቅልሎ ሲያቀርብላቸው ጋሽ ጎሹ ገልበጥ አድርገው አዩት።

"ይሁን። እንጨት ነው" አሉ።

ቢቆጡ ይሻለው ነበር። ከዚያች ቀን ወዲህ ዳቡስን አላዩም። በጥቅምት "ውሃው ገና ነው" አሉ፤ በኅዳር "አዝመራ ነው" አሉ፤ በጥር ደግሞ "ወገቤን" ማለት ጀመሩ። ጠዋት ከበሩ ፊት ለፊት ካለው ማንጎ ሥር ይቀመጣሉ፤ ማታ ከዚያው ይነሣሉ። ንግግራቸው እያጠረ፣ ምግባቸው እያነሰ ሄደ። ውድነህ ከሥራ ሲመለስ እዚያው በተዋቸው ቦታ ያገኛቸዋል። ዝናቡ ግንቦት ላይ ሳይገባ አባቱን ወንዝ ካልመለሳቸው፣ የሚቀጥለውን በጋ ስለማየታቸው እርግጠኛ አልነበረም።

ስለዚህ ዘንግ ልሠራ ነው ብሎ ተነሣ።

መጀመሪያ የሄደው ስልኩ ውስጥ ነው። በአንድ ቪዲዮ ጢማም ፈረንጅ ጠረጴዛ ላይ ገና ቀለበት ያልታሰረበት ጥሬ ዘንግ ደርድሮ አንዱን እያነሣ ያጎብጠዋል፣ አንዱን እያነሣ ያወዛውዘዋል። ውድነህ ሦስት ሳምንት ሙሉ አየው። ከዚህ የተነሣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ስለ ዘንግ አንድ ነገር የሚያውቅ ሰው ሆነ፤ ዓሣ ይዞ እንደማያውቅ የሚያውቁት ባልደረቦቹ ግን በትዕግሥት ነበር የሚያዳምጡት። ከባሕር ማዶ የሚመጣውን የካርቦን ዘንግ ዋጋ ያየ ቀን ስልኩን በግንባሩ ደፋና ወደ ልቡ ተመለሰ። አሶሳ ተቀምጦ፣ ሽመል የሚሉት ቀርከሃ እንደ ሣር በበቀለበት አገር፣ የዘንግ እንጨት ከውጭ ማዘዝ ምን የሚሉት ነው?

"ለምን ጋሽ ሙርሳልን አትጠይቃቸውም?" አለችው ሚስቱ ስርጉት።

"አባዬን ያስኮረፍኩት እኔ፤ የምክሳቸውም እኔ።"

"ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል አሉ።"

"እኔ ዘንግ እንጂ ደጃዝማችነት አልፈለግኩም" አላትና ሜትሩን፣ የኩሽና ሚዛኗንና ደብተሩን ይዞ በባምባሲ መንገድ ወደ ሽመሉ ጫካ ሄደ።

እዚያ የሠራውን ሥራ ማንም አላየውም፤ ራሱ ነው የተናገረው። ዐሥራ አንድ ሽመል ቆረጠ። የያንዳንዱን ርዝመት፣ ውፍረት፣ ክብደት፣ ድንጋይ ሲንጠለጠልበት ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚጎብጥ ለክቶ ሰንጠረዥ አወጣ። ሰንጠረዡ ሰባተኛውን መረጠ። ውድነህ ሰባተኛውን አነሣውና አወዛወዘው፤ ተልፈሰፈሰበት። አራተኛውን አነሣው። አራተኛው ወፍራም፣ ቀጥ ያለ፣ አንጓው የተቀራረበ ነበር። መሬት አስደግፎ በጉልበቱ ተጫነው፤ ንቅንቅ አላለም። ያን ጊዜ ልቡ ደረቱን ሞላው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ውድነህ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ እንጨት ሲመርጡ ያስተማሩት ዱላ ነው። በአባቱ አገር ወንድ ልጅ ከቤት ሲወጣ ዱላው ትከሻው ላይ ነው፤ ዱላ ደግሞ መሬት አስደግፈው በጉልበት ሲጫኑት ከጎበጠ ይጣላል። ፈረንጁ ሦስት ሳምንት፣ አባቱ ደግሞ ሠላሳ ዓመት አስተምረውታል፤ ማን ሊያሸንፍ ይችላል? ሰንጠረዡን አጥፎ ኪሱ ከተተና አራተኛውን ይዞ ቤቱ ገባ።

ቀጥሎም አንድ ጨዋ የወሎ ሰው ለዱላው የሚያደርገውን ሁሉ አንድ ሳያጎድል አደረገለት። ልጡን ፋቀው፣ እሳት ላይ እያንከባለለ አቀናው፣ ቅቤ ቀባው፣ ኩሽና ውስጥ ጢስ ላይ ሰቀለው።

"ዓሣውን ከነዘንጉ ልትጠብሰው ነው?" አለች ስርጉት፣ ከቅቤዋ የጎደለውን እያየች።

"ይህ ሙያ ነው፣ አይገባሽም።"

"እሱስ ልክ ነህ፤ ምኑም አልገባኝም።"

በሦስተኛው ሳምንት አወረደው። ከብስክሌት ሽቦ ቀለበት ጠምዝዞ በጫማ ሰፊ ክር አሰረበት። ከግርጌው የብረት ቆብ አስገጠመለት። ለምን እንዳስገጠመ እስካሁን ለራሱም አልገባውም፤ ብቻ እንዲያ ያለ እንጨት ግርጌው ባዶ ሲሆን ዓይኑ እምቢ አለው። ሽመሉ ጠቁሮ፣ ወዝቶ፣ እንደ ሹመት በትር ያበራል። ለአባቱ ከመስጠቱ በፊት ግን ምስጋና አማረው። መቼም ሰው ሁሉ ሳይመሰገን አይጠግብም። ቅዳሜ ጠዋት ጅረቱን ተሻግሮ ሙርሳል ቤት ሄደ።

ሙርሳል ከደጃቸው ተቀምጠው የሽመል ስንጥቅ ለአጥር እየጎነጎኑ ነበር። ዘንጉን ተቀብለው ላይ ታች አዩት። ተነሥተው እየተመረኮዙበት ሦስት እርምጃ ሄደው ተመለሱ።

"ማሻአላህ። ይሄ ሽመል ጥሩ ነው። ወላሂ ጥሩ ነው።"

የውድነህ ልብ ቅቤ ጠጣ።

"ማንን ልትመታ ነው?" አሉት።

"ኧረ ጋሽ ሙርሳል፣ ዓሣ ማጥመጃ ነው! ለአባዬ ነው።"

ሽማግሌው መልሰው አዩት። የብረት ቆቡን በጣታቸው ነኩት፤ ጣታቸውን አሸተቱ፤ ቅቤ ነው። መሳቅ ሲጀምሩ ትከሻቸው ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው፤ ቆይቶ ግን ዕንባቸው መጣ። ውድነህም ሳቀ፤ ምን ምርጫ አለው? ለነገሩ መሳቅ ያስፈልገው ነበር፤ ምክንያቱም የሰንጠረዡን ነገር ሲነግራቸው ደግሞ ከወንበራቸው ሊወድቁ ምንም አልቀራቸውም። ልጃቸው ኸድራ ከቤት ብቅ ብላ ምን እንደሆነ ጠየቀች። በበርታኛ ነገሯት። እሷም ወደ ቤት ተመልሳ ስትስቅ ተሰማ።

ሳቃቸው ሲያልቅ ግን የሙርሳል ፊት ተለወጠ።

"አባትህ በየትኛው እጅ ይይዛል?"

"በቀኙ ነዋ።"

"ስንት ሰዓት ይይዛል?"

ውድነህ ዓይኑን ወደ ብረት ቆቡ መለሰ።

"አታውቅም" አሉ ሙርሳል፣ ሳይቆጡ። ስንጥቁን ከጭናቸው ላይ አነሡ። "እኔ ልንገርህ። አልነግርም ብዬ ነበር። ግን ይሄን ዱላ ይዘህ ብትሄድ ጎሹ ያፍራል፤ ማንሣት አይችልም። አምና ከዝናብ በፊት ዳቡስ ነበርን። ዘንግ ከእጁ ወደቀ። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ። እጁ እንዲህ ይላል።" እጃቸውን ዘርግተው አንቀጠቀጡት። "ሦስተኛውን ውሃ ወሰደው። እኔ ገባሁ፣ አመጣሁ። ጎሹ 'ሙርሳል፣ ለልጆቼ አትንገር' አለኝ። እሺ አልኩ።"

"ታዲያ ዘንጉን እኔ ..."

"አንተ ስትለምነው ቶሎ ሰጠህ፣ አዎ? ስትሰብረው እዚህ መጣ። እዚህ አንተ ያለህበት ተቀመጠ። 'ሙርሳል፣ ተመስገን፣ ተሰበረ' አለ። 'አሁን ለምን ወንዝ አትሄድም ብሎ የሚጠይቅ የለም' አለ። ሳቀ። ከዚያ እጁን ጋቢ ውስጥ ደበቀ።"

ውድነህ መሬት መሬቱን አየ። አምስት ወር ሙሉ የገዛ ጥፋቱን እንደ ታማሚ ሲያስታምም፣ ስለ ራሱ ሲጨነቅ፣ ራሱን ሲሳደብ፣ በራሱ ላይ ሲቀልድ ከርሟል። በነዚያ አምስት ወራት አንድ ቀን እንኳ የአባቱን እጅ አላየም። ጋሽ ጎሹ ሻይ ሲጠጡ ብርጭቆውን በሁለት እጅ እንደሚይዙ አሁን ነው ትዝ ያለው። ከሁለት ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጦ ስለ ጥሬ ዘንግ ለስርጉት እያብራራ ነበር። አፈረ፤ እንዲህ ያለውን እፍረት ደግሞ በቀልድ ሊያመልጠው አልቻለም።

"እንግዲያው ይቅር?" አለ በመጨረሻ።

"ለምን ይቀራል? ሽመል አልቋል?" ብለው ሙርሳል ገጀራቸውን አንሥተው ወጡ።

ከመንደሩ ጀርባ ያለው የሽመል ቁጥቋጦ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ሙርሳል አይለኩም፣ አያጎብጡም። አንዱ አጠገብ ቆመው ሥሩን በገጀራው ጀርባ መታ ያደርጉና ድምፁን ሰምተው ያልፉታል። "ይሄ ልጅ ነው፤ ውስጡ ስኳር ነው፤ ነቀዝ ይበላዋል።" ሌላውን መቱ። "ይሄ ሽማግሌ ነው፤ ይሰነጠቃል።" አንጓው ላይ ነጫጭ ሽበት የመሰለ ነገር ያበቀለውን፣ ድምፁ ጥርት ያለውን፣ የሦስት ዓመቱን ቆረጡ። እንዲህ እንዲህ እያሉ ስድስት ዘንግ ሲሆን ሁሉንም ለውድነህ አስረከቡትና ጉቶ ላይ ተቀመጡ።

"አንዱን ያዝ። እጅህን ዘርጋ። እንዳታወርድ።"

"እስከ መቼ?"

"እጅህ የጎሹ እጅ እስኪሆን።"

ውድነህ ዘረጋ። የመጀመሪያውን ሽመል ሲይዝ ቀላል ነበር። ትንሽ ቆይቶ ትከሻው ተቃጠለ፤ ቀጥሎ ክንዱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። "ጣለው" አሉ ሙርሳል። ሁለተኛውን አስያዙት። ክንዱ ሳያርፍ ሦስተኛውን። በዚህ መሐል ዐፊፋ የምትባል የአንድ ተማሪው እናት በትከሻዋ በተሸከመችው ዘንግ ጫፍና ጫፍ እንጨት አንጠልጥላ ከሁለት ጎረቤቶቿ ጋር አለፈች። ቆም ብላ አየችው። የልጇ የፊዚክስ መምህር ጫካ ውስጥ እጁን ዘርግቶ፣ ላብ አጥምቆት፣ ሽማግሌ ፊት ቆሟል።

"መምህር ምን ሆነ?" አለች ለሙርሳል።

"ተቀጣ" አሉ ሙርሳል። "የቤት ሥራ አልሠራም።"

ሴቶቹ እየሳቁ ሄዱ። ሰኞ ትምህርት ቤቱ በሙሉ እንደሚሰማው ውድነህ አልተጠራጠረም። እንደ ወትሮው ቢሆን እሱም አንድ ቀልድ ጣል አድርጎ ይሸኛቸው ነበር። አሁን ግን ዓይኑ ሽመሉ ላይ ነው። እጁ ሲደክም የዘንጉ ክብደት ሌላ ነገር መሆኑ ገና ዛሬ ገባው። ጫፉ የከበደው መዳፍን ይጠመዝዛል፤ ወፍራሙ ጣት አያስገጥምም፤ ቀጥ ብሎ የሚያምረው ደግሞ ትንሹን መንቀጥቀጥ አጉልቶ ጫፉን እንደ ጅራፍ ያስመታዋል። አምስተኛው ቀጭን፣ ከመሐሉ ወልገድ ያለ፣ ሰው ቢያየው ለአጥርም የማይመርጠው ነበር። የሚንቀጠቀጠው እጁ ላይ ሲያርፍ ግን ዝም አለ። ውድነህ ይህኛውን ሳያወርድ ቆየ።

"ይሄ ነው" አለ።

ሙርሳል ራሳቸውን ነቀነቁ። "እጀታውን ረጅም ተው። እስከ ብብት። ጣት ሲለቅ ብብት ይይዛል።"

ይህኛው ቅቤ አልተቀባም፣ ጢስም አላየም። ጫፉ ላይ ታስሮ ግርጌው ድንጋይ ተንጠልጥሎበት ጥላ ሥር ተሰቀለ፤ እስከ ሚያዝያ አጋማሽም ደረቀ። ያ የመጀመሪያው ዱላ የስርጉት ሆነ፤ ውሻ ታባርርበታለች፤ አንድም ዘንግ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቶ አያውቅም ትላለች።

ውድነህ ዘንጉን ለአባቱ የሚሰጥበትን ንግግር ተለማምዶ ነበር። "ለራሴ ነው የሠራሁት፣ አባዬ፤ እስቲ አያያዙን ያሳዩኝ" ሊል ነው። ማንጎው ሥር ሄዶ እንዲያው አለ። ጋሽ ጎሹ ዘንጉን ተቀበሉ። ረጅሙን እጀታ አዩ። ቀስ ብለው ወደ ብብታቸው ሲያስገቡት ልክ ሆነላቸው። ፊታቸው ጠቆረ።

"ሙርሳል ነገረህ።"

የተለማመደው ንግግር ሁሉ ጠፋበት። "አዎ" አለ።

"ለማን ለማን አወራህ?"

"ለማንም አላወራሁም።"

ዘንጉን ግንዱ ላይ አስደግፈው፣ ወንበራቸውን ትተው፣ ቤት ገቡ። ያን ቀን ራት አልበሉም። በማግሥቱም ማንጎው ሥር አልወጡም። ውድነህ እንደገና ሰበርኩ ብሎ አሰበ፤ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የሚሉት ይህ ነው። ዘንጉን ማንሣትም መተውም ፈርቶ እዚያው ተወው። ስርጉት ለአማቷ ምግብ እያስገባች ባዶ እጇን ትመለሳለች፤ "ተዋቸው" ከማለት በቀር ምንም አትልም። ሦስት ቀን እንዲህ አለፈ።

ቅዳሜ ማለዳ ውድነህ ፊቱን ሊታጠብ ሲወጣ አባቱ ቦቲ ጫማቸውን አድርገው፣ ጋቢያቸውን ጣል አድርገው፣ ዘንጉን ይዘው በር ላይ ቆመዋል። ከማዶ ሙርሳል የትል ጣሳቸውን ይዘው እየመጡ ነው።

"ምን ትገተራለህ? መኪናው ሊያመልጠን ነው" አሉ ጋሽ ጎሹ።

በሚኒባስ ባምባሲ፣ ከዚያ በሌላ መኪና ተሳፍረው ዳቡስ ደረሱ። የበጋ ውሃ ነው፤ ቀንሶ፣ ጠርቶ፣ ከድንጋይ ድንጋይ ይንሸራተታል። ሙርሳል ሆን ብለው ራቅ ያለ ቦታ ሄደው ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ። ጋሽ ጎሹ ትሉን ለማስገባት ረጅም ጊዜ ፈጀባቸው። ውድነህ ላግዝ ሊል አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ክሩ ውሃው ላይ አረፈ።

ዘንጉ ከብብታቸው አልወጣም፤ የተሠራበትን ሥራ ሠራ። ክንዳቸው ግን ሲቆይ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ክሩ ውሃውን እየነካካ ትንንሽ ክብ ይሥላል። ውድነህ አባቱ እንዳያፍሩ ብሎ ዓይኑን ወደ ማዶው ዳርቻ አሻገረ። እዚያ ምንም የሚታይ ነገር አልነበረም። ቢሆንም በጣም አተኩሮ አየው።

"ወዲያ ምን አለ?" አሉ አባቱ።

"ምንም።"

"ከሌለ ወዲህ ና።" ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ና ክንዴን ያዘኝ።"

ውድነህ አርባ ዓመቱ ነው። አባቱ ያዘኝ ብለውት አያውቁም፤ ከወሎ ሲመጡ ታመው እንኳ በእግራቸው ከመኪናው እንደወረዱ ነው የሚነገረው። አጠገባቸው ሄዶ ከክርናቸው በታች ያዛቸው። ክንዳቸው ካሰበው በላይ ቀጭን ነበር፤ አጥንቱ ይሰማዋል። እንዳይወድቁበት ፈርቶ አጥብቆ ጨበጠ።

"ላላ አድርገው" አሉ ጋሽ ጎሹ፣ ዓይናቸውን ከውሃው ሳያነሡ። "ደህና ነኝ።"

ላላ አደረገው። ፀሐይዋ አናት ላይ እስክትደርስ እንደዚያ ቆሙ።